ቤት ውስጥ ያለ ሳኩለንት ላይ ተባይ ሲወጣ ብዙዎቻችን ምንሰራቸው ስህተቶች

ሳሎን መስኮት ላይ ያለችው ኤቼቬሪያዬ (ሳኩለንት ከሚባሉት፣ በወፍራም ቅጠላቸው ውሃ ከሚይዙት ተክሎች አንዷ ናት) መሀሏ ላይ ነጭ ነገር አየሁባትና አቧራ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ዝም አልኳት፣ ከዛ አንድ ቀን ጠዋት ፀሀይ በጎን ሲመታት ጠጋ ብዬ ሳያት ነጩ ነገር እግር አለው፣ ቀስ እያለ ካንዱ ቅጠል ስር ወደሌላው እየሄደ ነው። ሚሊባግ ሚባለው የተክል ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ነፍሳት ነበር። ከዛ ወዲህ ሳኩለንት ያለው ሰው ባገኘሁ ቁጥር ምለው ነገር ቢኖር ተባይ ብቻውን ቶሎ አይገላትም ነው፣ ብዙ ጊዜ ሚገላት እኛ ዘግይተን አይተን ከዛ ደግሞ ደንግጠን ምናደርገው ነገር ነው። ስለዚህ ስህተቶቹን አንድ ባንድ ልጻፋቸው።

የመጀመሪያው ከላይ ብቻ ማየት ነው። ውሃ ስናጠጣ ምናየው የቅጠሉን ፊት ነው፣ ተባዩ ግን ቅጠሉ ከግንዱ ሚገናኝበት ጉሮሮ ውስጥ፣ አዲስ ቅጠል ሚወጣበት መሀል ላይ እና ከስር የደረቁት ቅጠሎች ስር ነው ተሸሽጎ ሚቀመጠው። በሳምንት አንድ ቀን ፖቱን አንስታችሁ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ እያዟዟራችሁ እዩት፣ የደረቀውን ቅጠል ልቀሙለት። እዚህ ላይ ሰው ሚሳሳተው ኤቼቬሪያ በተፈጥሮዋ ላይዋ ላይ ያላትን ነጭ ዱቄት ተባይ መስሎት መጥረጉ ነው። ዱቄቱ እኩል ነው የተነሰነሰው፣ በጣት ስትነኩት እንደ ዱቄት ይነሳል፣ ፀሀይ ሚከላከልላት እሱ ስለሆነ ከተጠረገ እዛ ቅጠል ላይ ተመልሶ አይመጣም። ሚሊባግ ግን እዚህም እዛም የተለጠፈ የጥጥ ቁራጭ ነው ሚመስለው፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጨፍለቅ ስታደርጉት ቢጫ ወይ ሮዝ መሰል እርጥበት ይወጣዋል።

ሁለተኛው አዲስ የመጣውን ቀጥታ ከሌሎቹ ጎን መደርደር። መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች የገዛነውም ሆነ ጎረቤት ቡና ላይ ቆርጣ የሰጠችን ቅጠል እኩል ነው፣ በፍቅር የተሰጠ ነገር ተባይ የለውም ማለት አይደለም። ቢያንስ አንድ ወር ሌላ ክፍል ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ። ወር ያልኩት እንቁላሉ ስለማይታይ ነው፣ ተፈልፍሎ አድጎ ለአይን እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል።

ሶስተኛው በጣም ሚያናድደኝ ነው፣ የበረሮ ስፕሬይ መርጨት። እሱ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ሁለት ሶስት ቀን ቆይቶ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ይሟሟል፣ ተባዩ ደግሞ ላዩ ላይ ያለው ሰም ስለሚከልለው የተወሰነው ይተርፋል። የዱቄት ሳሙናም እንደዛው ነው አትሞክሩት። ከኒም ዛፍ ፍሬ ሚወጣው የኒም ዘይት ጥሩ ነው ግን ቀብታችሁ ፀሀይ ላይ ካስቀመጣችሁ ይቃጠላል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የበጋ ፀሀይዋ በመስታወት ውስጥም ቀላል አይደለም። ማታ ቀቡት፣ ለጥቂት ቀንም ከመስኮቱ ራቅ ይበል። ሌላ በጣም ምለምናችሁ ነገር፣ ለፀጉር ወይ ለፊት ምትጠቀሙበት እሬት ላይ የእርሻ ኬሚካል እንዳታደርጉ፣ ቅጠሉ ውስጥ ገብቶ ሚቆይ አይነት ኬሚካል አለ፣ ላዩን በማጠብ አይወጣም።

እኔ የሰራልኝ ተራ ነገር ነው፣ 70% አልኮል እና የጆሮ ጥጥ። ጥጡን ነክሮ እያንዳንዱን ነጭ ነገር መንካት፣ ሲነካ ነጭነቱ ጠፍቶ ቡናማ ይሆናል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ፣ እንደኔዋ ዱቄት ያላት ከሆነች ደግሞ ተባዩን ብቻ ንኩ እንጂ ቅጠሉን በሙሉ አትጥረጉት።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ስመጣ፣ አንዴ አጽድቶ ጨረስኩ ማለት ነው። እኔም እንዲሁ አድርጌ አስር ቀን ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፣ ሴቷ ሚሊባግ በዛ ጥጥ መሰል ከረጢት ውስጥ በመቶዎች ሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፣ አልኮሉ የነካው ይሞታል፣ ያልነካው በሳምንት በሁለት ሳምንት ይፈለፈላል፣ የተፈለፈሉት ደግሞ ለአይን የማይታዩ ናቸው ማለት ይቻላል፣ እየሄዱ ጎረቤት ፖት ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ነው፣ ቢያንስ ለአራት አምስት ሳምንት፣ ምንም ባይታያችሁም። እኔ ቅዳሜ ጠዋትን ለሱ ሰጥቼው ነበር፣ በሶስተኛው ሳምንት አንዲት ብቻ አገኘሁ፣ በአምስተኛው ጥጡ ንፁህ ሆኖ ወጣ። እቺን ትንሽ ነገር ሚንቅ ካለ ትግራይ ውስጥ በለስ ላይ የደረሰውን ያስብ፣ ለቀይ ቀለም ተብሎ የገባው ኮቺኒያል ሚባለው ነፍሳት የሚሊባግ ዘመድ ነው፣ እሱም ነጭ ጥጥ ለብሶ ነው ሚቀመጠው፣ ከቁጥጥር ወጥቶ ሰው ክረምቱን ሚበላውንና ሚሸጠውን በለስ ስንት ቦታ አደረቀው።

ስር አለማየት ደግሞ አለ። ተክሉ ውሃ እየጠጣ ከተሸበሸበ፣ ማደግ ካቆመ፣ ላዩ ላይም ምንም ከሌለ ከፖቱ አውጡት። ስሩ ላይ እና የፖቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ስር ላይ ሚኖር ሚሊባግ ሊሆን ይችላል። አፈሩን በሙሉ አራግፉ፣ ስሩን በውሃ እጠቡ፣ የተጎዳውን ቁረጡ፣ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን ይድረቅ፣ ከዛ አዲስ አፈር። ፖቱ በሙቅ ውሃና በበረኪና ይታጠብና በደንብ ይለቅለቅ። የድሮውን አፈር ሌላ ፖት ላይ መጨመር ግን ተባዩን በእጃችሁ ማዛወር ነው።

ክረምት ላይ ከአፈሩ ብን ብን ሚሉት ጥቁር ትንኞች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሰው ይረጭባቸዋል፣ ችግሩ ግን ውሃ ነው። እጮቻቸው እርጥብ አፈር ውስጥ ነው ሚያድጉት፣ ፀሀይ በሌለበት ሰኔና ሐምሌ እንደ በጋው ካጠጣን አፈሩ አይደርቅም። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተዉት፣ ለሚበሩት ቢጫ ፕላስቲክ ላይ ቫዝሊን ቀብታችሁ ፖቱ ላይ ሰኩ፣ ይጣበቁበታል።

ሁሉንም አንድ አይነት ተባይ አድርጎ ማየትም ያሳስታል። ግንድ ላይ እንደ ቡናማ ጠባሳ የተለጠፈ ነገር በጥፍር ስትፍቁት ከተነሳ ስኬል ሚባለው ቅርፊት ለባሽ ተባይ ነው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይወገዳል። የአበባው ዘንግ ላይ ተሰብስበው ሚታዩት ክሽክሽ ሚባሉት ጥቃቅን ጭማቂ መጣጮች ናቸው፣ ዘንጉን ቆርጦ መጣል ይቀላል። ቅጠሉ አመድማ ሆኖ ቀጭን ድር ካለው ቀይ ሸረሪት ነው፣ ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት፣ ነጥቦቹ ከተንቀሳቀሱ ተገኘ ማለት ነው። እሱ ስምንት እግር ስላለው ነፍሳት አይደለም፣ ስለዚህ ብዙ የነፍሳት መድሃኒት አይሰራበትም፣ ቅጠሉን በውሃ ማጠብ ይሻላል።

ጉንዳን ካያችሁ ደግሞ ጉንዳኑን ገድላችሁ ብቻ እንዳታቆሙ። ጉንዳን ተክሉን ፈልጎ አይደለም ሚመጣው፣ እነ ሚሊባግ ሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ነው፣ ለሱም ሲል ከጠላት ይጠብቃቸዋል፣ ከቦታ ቦታም ይወስዳቸዋል። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ፣ ሚጣበቅ ነገር ካለ ከሱ በላይ ያለውን ፖት አውርዳችሁ ቅጠሎቹን ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ።