የድሮ ቢሮ ስትቀርፁ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ አጫጭር ድራማ የሚሠራ ወጣት በዝቷል፤ ደስ ይላል። ታሪኩ የድሮ ዘመን ከሆነ ግን ቢሮው ላይ ሲደርሱ ነገር ይበላሻል። አንድ አሮጌ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «1970 ዓ.ም. ነው» ማለት አይበቃም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ደብዳቤውን በኮምፒውተር ማተም ነው። ካሜራው ጠጋ ሲል ፊደሉ ኒያላ! ኒያላ እኮ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የኮምፒውተር ፊደል ነው። የአማርኛ ታይፕ ፊደላቱን ሁሉ በየራሳቸው ቁልፍ አይዝም፤ ዋናው ፊደል ይመታና ቅጥያው ለብቻው ይጨመርበታል፣ ስለዚህ የ«ቡ» ጭረት ሸሸት ትላለች፣ የ«ቤ» ቀለበትም ከእግሯ ላላ ብላ ትታያለች። ተዋናይዋም ላፕቶፕ እንደምትነካካ በጣቷ ጫፍ ዳሰስ ማድረግ የለባትም። ታይፕ ይመታል፣ ያውም በኃይል፣ ምክንያቱም ከሥሩ ካርቦን አለ፤ ግልባጩም መነበብ አለበት። መስመር ሲያልቅ ደግሞ ላይኛውን ክፍል ወደ ቀኝ መግፋት አለባት። የዘመን ስህተት ትልልቆቹንም ያመልጣቸዋል። የአሜሪካኖቹ ተከታታይ ድራማ የ«ማድ ሜን» የመጀመሪያ ክፍል ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ጸሐፊዎቹ ፊት የተደረደረው የአይቢኤም ሴሌክትሪክ ታይፕ ግን ገበያ ላይ የዋለው በ1961 ነው።

ሌላው ፎቶውን ቀይሮ አነጋገሩን መርሳት ነው። ግድግዳው ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተሰቅለዋል፣ አለቃው ግን «የሥራ ሂደት ባለቤቱን ጥሩልኝ» ይላል። ኧረ ተው! እሱ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ቢፒአር ከተባለው የመሥሪያ ቤቶች የአሠራር ለውጥ ጋር የመጣ ነው። በደርግ ጊዜ «ጓድ» ነው፣ «መምሪያ ኃላፊ» ነው፣ ደብዳቤው መጨረሻ ላይም «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» አለ። ባሕር ዳር ላይ «የክልል ቢሮ» ማለትም አይሠራም፤ በ1970 የጎጃም ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ነበረች። የዘመኑ የባሕር ዳር ቢሮ ከፈለጋችሁ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወይም ፖሊ (ፖሊቴክኒኩ) ይሻላችኋል፤ ሁለቱም ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ እዚሁ ነበሩ።

የፈረንጅ ቢሮ መገልበጥም አለ። እነሱ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ዘ አፓርትመንት» ፊልም ሠራተኛው አዳራሽ ሙሉ ተደርድሮ ነው የሚታየው፤ አዳራሹ ማለቂያ የሌለው እንዲመስል ወደ ኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች እያነሱ እንዲሄዱ ተደርገው ነው የተሠሩት። ቆይቶ በ1968 ኸርማን ሚለር የሚባለው የዕቃ አምራች ተገጣጣሚ መከለያዎቹን አወጣ፤ ሐሳቡን ያመነጨው ሮበርት ፕሮፕስት ሠራተኛው እንደልቡ እንዲሠራ ብሎ ነበር፣ ኩባንያዎቹ ግን ሰው ማጨቂያ አደረጉት፤ በ1999 «ኦፊስ ስፔስ» የተባለው ፊልም ሲወጣ ያ መከለያ መሳቂያ ሆኗል። የእኛ መንገድ ሌላ ነው። ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ በር፣ ባለጉዳይ የተደረደረበት አግዳሚ፣ አለቃው ጋ ለመግባት መጀመሪያ ጸሐፊዋ። ግድግዳው በየቢሮው መፍረስ የጀመረው፣ መስታወትና ቁጥር የተለጠፈበት መስኮት የመጣው ከቢፒአር ወዲህ ነው። እና የደርግ ዘመን ሠራተኛችሁን መከለያ ውስጥ አታስቀምጡት።

ድምፅ! በደርግ ጊዜ ባጃጅ የለም። መስኮቱን ዝጉና ቅረፁ፣ ወይ በኤዲቲንግ የብስክሌት ደወል አስገቡበት።

መዝገብ ቤቱንም አትዝለሉት፤ ያለሱ ታሪኩ አይሄድም፣ ምክንያቱም ፋይል የሚጠፋው እዚያ ነው።

የዛሬውን ቢሮ ስትሠሩ ደግሞ ጠረጴዛውን ባዶ አድርጋችሁ ላፕቶፕ ብቻ አታስቀምጡ። ማህተሙ የት ሄደ? የቀለሙ ፓድስ? ቦክስ ፋይሉስ? ደግሞ «ሲስተም የለም» የሚል አንድ ሠራተኛ ካላስገባችሁ ማን ያምናችኋል?