በዜሮ ተርን ሣር ማጨጃ ላይ የኤሌክትሪክ ዴክ ማንሻ እንዴት እንደሚገጠም

ዴክ ማለት ከማጨጃው ሥር ያለው፣ ምላጮቹን የሚይዘው የብረት ሽፋን ነው። በቆመበት በሚዞረው ዜሮ ተርን ማጨጃ ላይ ዴኩ በቀን ስንት ጊዜ ከፍና ዝቅ እንደሚል በደንብ የሚያውቀው የነጂው ጉልበት ነው። በአሜሪካ ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና አካባቢ የአንዱ ግቢ ፌስኪው ሣር ከ3 እስከ 4 ኢንች ቁመት ላይ ይታጨዳል፤ የጎረቤቱ ቤርሙዳ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ኢንች ይፈልጋል። በመሃል የእግረኛ መንገድ ጠርዝ አለ፣ የተጎታች መወጣጫ አለ። ባለ 60 ኢንች የንግድ ማጨጃ ዴክ ከወፍራም ብረት ተበይዶ የተሠራ ስለሆነ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አጋዥ ሞላዎቹ ከክብደቱ ጥቂቱን ቢሸከሙም የቀረው በየጊዜው በፔዳል መረገጥ አለበት።

ለማጨጃዎ ሞዴል አምራቹ የሚሸጠው ሙሉ ዕቃ ካለ እሱን ይግዙ፤ ብረት ከመቁረጥ ያድናል። ከሌለ ባለ 12 ቮልት አክቱዌተር ይገጠማል። አክቱዌተር ማለት ሞተሩ ጥርስ ያለው ዘንግ እያዞረ በትሩን የሚያስገባና የሚያስወጣ ዕቃ ነው። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ፦ አክቱዌተሩ ዴኩን ወደ ላይ ይጎትት እንጂ ወደ ታች በፍጹም አይግፋ። መውረዱን ክብደቱ ራሱ ይሠራዋል። በዚህ ሥራ ላይ የሚሰበረው ነገር አብዛኛው የሚሰበረው ይህ ሳይታሰብ ሲቀር ነው።

መጀመሪያ ልኬት

ማጨጃውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ቁልፉን ያውጡ፣ የካንዴላ ገመዶችን ይንቀሉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። በዴኩ አራት ማዕዘን ሥር እንጨት ይደግፉ። አጋዥ ሞላዎቹን እንዳሉ ይተዉ፤ የተወጠረ ሞላ ሲለቀቅ ጣት ይቆርጣል፣ በዚያ ላይ ለአክቱዌተሩም እገዛ ናቸው።

ፔዳሉ ሲረገጥ ዴኩን ከሚያነሳው ክንድ ላይ አክቱዌተሩ የሚያያዝበትን ነጥብ ይምረጡ። እዚያ ላይ ተንጠልጣይ ሚዛን አስረው አክቱዌተሩ በሚጎትትበት አቅጣጫ ይሳቡ። አንዴ ዴኩ ከታች ሲሆን፣ አንዴ ደግሞ ወደ ላይ ሲቃረብ ይለኩ፤ ከፍ ሲል ሞላው ስለሚላላ የላይኛው ቁጥር ሊበልጥ ይችላል። ትልቁን ቁጥር በሁለት ያባዙ። 45 ኪሎ ካነበቡ 90 ኪሎ፣ ማለትም 900 ኒውተን ገደማ የሚጎትት ይፈልጉ። እጥፉ የሚያስፈልገው ከዴኩ ሥር ለሚጋገረው እርጥብ ሣርና ለዛገ ማጠፊያ ነው።

ነጥቡ ከታች እስከ ላይ የሚጓዘውንም ይለኩ። 110 ሚሊሜትር ከሆነ ባለ 150 ሚሊሜትር አክቱዌተር ይበቃል። ሲገዙ ሦስት ነገር ይዩ፦ ውስጡ የጉዞ ማቆሚያ ስዊች ይኑረው፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሸክሙን ይዞ የሚቆም ይሁን፣ ውኃና አቧራ መከላከያው አይፒ65 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ፍጥነት አያታልልዎ፤ በአንድ ሞተር ፍጥነት ሲጨምር ጉልበት ይቀንሳል። በሰከንድ 15 ሚሊሜትር የሚሄድ ሙሉ ጉዞውን በ10 ሰከንድ ይጨርሳል፣ ለዚህ ሥራ ደህና ነው።

ረጅሙ ቀዳዳ

ዴኩ ጉብታ ሲገጥመው የፊት ትናንሽ ጎማዎቹ ወደ ላይ ይገፉታል። አክቱዌተሩ ከክንዱ ጋር በጠባብ ቀዳዳ ከታሰረ ዴኩ መነሻ ስለሚያጣ፣ ግፊቱ በትሩን ያጣምማል ወይም የውስጥ ጥርሱን ይበላዋል። መፍትሔው ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ነው። አንዱን ጫፍ ከበትሩ ጋር ያያይዙ፣ በሌላው በኩል የክንዱ ፒን የሚንሸራተትበት ረጅም ቀዳዳ ያውጡ። የቀዳዳው ርዝመት ከአክቱዌተሩ ጉዞ በ20 ሚሊሜትር ይብለጥ፤ ለ150 ሚሊሜትር 170 መሆኑ ነው። በትሩ ሲገባ ፒኑን ይዞ ይስባል፣ ሲወጣ ፒኑ በቀዳዳው ውስጥ ነጻ ይሆናል።

በዚህ አሠራር የማጨጃ ቁመቱን የሚይዘው የዱሮው የቁመት ፒን ነው። ሣር በሚታጨድበት ሰዓት አክቱዌተሩ ምንም አይሸከምም፣ ንዝረቱም አይበላውም። ዴኩን ላይ ለማስቀረት ፔዳሉ ላይ ያለውን መቆለፊያ ግን ፈትተው ያንሱት ወይም በሽቦ ያስሩት። አለበለዚያ በትሩ ወጥቶ ያልቃል፣ ዴኩ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ ሰውም ሽቦ ሲመረምር ይውላል።

የኋላውን መያዣ ከ6 ሚሊሜትር ብረት ሠርተው ሻሲው ላይ በ10 ሚሊሜትር ብሎንና ባለ ላስቲክ ዳዶ ያያይዙት። ነጂውን ከመገልበጥ የሚጠብቀውን ቅስት አይብሱ፣ አይበይዱበትም። ብየዳ የግድ ከሆነ ነዳጅ ታንኩ ይውጣ፣ ባትሪውም ሙሉ በሙሉ ይፈታ። የፊትና የኋላ ፒኖች ትይዩ ይሁኑ፤ አክቱዌተር የጎን ጫና አይችልም። አክቱዌተሩ የሚታሰርባቸውን የፊትና የኋላ ፒኖች እስኪጣበቁ አያጥብቁ፣ አክቱዌተሩ በእጅ ሲነኩት መወዛወዝ አለበት። ከተቻለ በትሩ ወደ ታች ይመልከት፣ ውኃ ማሸጊያው ላይ እንዳይጠራቀም።

ሽቦው

ሁለት ባለ አምስት እግር የመኪና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚቀይር ስዊች፤ ከታች ያሉት 30፣ 85፣ 86፣ 87 እና 87ኤ የእግሮቹ ቁጥሮች ናቸው)፣ ተጭነው ሲለቁት ወደ መሃል የሚመለስ ባለ ሦስት እግር ስዊች፣ ባለ 12 ጌጅ ሽቦና የፊውዝ ቤት ያዘጋጁ።

የሁለቱም ሪሌዎች 87 በአንድ ፊውዝ በኩል ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይሂድ። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሁን፤ መጠኑ አክቱዌተሩ ሙሉ ሸክም ላይ ከሚስበው ትንሽ ይበልጥ፤ 10 አምፔር ለሚስብ 15 ይበቃል። የሁለቱም 87ኤ ወደ ኔጌቲቭ ይሂድ። የአንዱ 30 ከአንዱ የሞተር ሽቦ፣ የሌላው 30 ከሌላው ጋር ይያያዝ። 85ቱ ሁለቱም ኔጌቲቭ ላይ ይታሰሩ፤ 86ቱ ለየብቻ ወደ ስዊቹ ሁለት ዳር ይሂዱ። የስዊቹ መሃል ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ በ5 አምፔር ፊውዝ ይመገብ፤ ቁልፉ ከወጣ ማንም ልጅ ነክቶ ዴኩን አያወርደውም።

የዚህ አያያዝ ጥቅሙ ስዊቹን ሲለቁት ሁለቱም የሞተር ሽቦዎች ኔጌቲቭ ላይ ስለሚገናኙ ሞተሩ ሳይንሸራተት ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። አቅጣጫው ከተገለበጠ ሁለቱን የሞተር ሽቦዎች ያቀያይሩ። ሽቦውን ከቺንጊያና ከጭስ ማውጫ ያርቁ።

ሙከራና የሚበላሸው

እንጨቱን አውጥተው የባትሪውን ኔጌቲቭ መልሰው ይሰሩ። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቁልፉን ከፍተው ያንሱና ያውርዱ። በትሩ በራሱ ማቆሚያ ሲቆም ዴኩ ከሻሲው ጋር ለመጋጨት ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ሊቀረው ይገባል። ዴኩ ቀድሞ ከተጋጨ ሞተሩ እየታገለ ፊውዝ ያቃጥላል። ትልቅ ፊውዝ በመተካት አይፍቱት፤ የኋላውን መያዣ ወደ ክንዱ ያስጠጉ።

ቀስ ብሎ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ይዩ፣ ቀለም ላይ ታስሮ ይሆናል፤ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቁት። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄደ ሪሌዎቹን ያቀያይሩ፤ ችግሩ አብሮ ከዞረ ሪሌው ሞቷል። ደጋግመው አንስተው አውርደው ከቆመ ሞቆ ይሆናል፣ ብዙዎቹ 25 በመቶ ለሚሆን ጊዜ ብቻ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። 15 ሰከንድ ከሠራ 45 ሰከንድ ይረፍ።

በመጨረሻ የጎማዎቹን ነፋስ አስተካክለው የዴኩን ሚዛን ይለኩ፤ የምላጩ የፊት ጫፍ ከኋላው ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ዝቅ ይበል። ዴኩን እስከ ጣሪያው ከማንሳትዎ በፊት ምላጩን ያጥፉ፤ ሥሩን ሲያጸዱ ደግሞ አክቱዌተሩን አምነው እጅዎን አያስገቡ፣ እንጨቱን ይመልሱ። በግፊት ውኃ ሲያጥቡ ቧንቧውን ወደ በትሩ ማሸጊያ አያዙሩ።