ማሞቂያው ሲጠፋ መስኮቱን አትዝጉ

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ተጉዘን፣ ተጎታች ቤታችንን ሊድቪል ከተማ አጠገብ አቁመን ያደርንበት የጥቅምት ሌሊት ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማሞቂያው ጠፋ። አቀጣጠልኩት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና «ብርዱ የሚገባው በዚያ በተከፈተው መስኮት አይደለም እንዴ? ዝጋው እንጂ!» አለችኝ። እጄ መስኮቱ ላይ ደርሶ ነበር። የመለሰኝ እናቴ ስለ ከሰል ስትለው እየሰማሁ ያደግሁት ነገር ነው፤ ማንደጃ ባለበት ቤት በር ተዘግቶ አይተኛም።

የእኛው ዓይነት፣ ካታሊቲክ ማሞቂያ የሚባለው፣ ነበልባል የለውም። የፕሮፔን ጋዙ ፕላቲነም በተቀባ ንጣፍ ውስጥ ሲያልፍ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ያለ ነበልባል ይቃጠላል፤ ንጣፉ ይግላል፤ ሙቀቱንም ፊት ለፊቱ ላለው ሁሉ እንደ ፀሐይ ይረጫል። ማራገቢያም ሆነ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከተጎታች ቤቱ ጋር የሚመጣው ባለማራገቢያ ማሞቂያ በቀዝቃዛ ሌሊት ባትሪውን ሲያደክም ይህኛው ባትሪውን አይነካም፤ እኛም የወደድነው ለዚህ ነው። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ አለ። አብዛኞቹ የጭስ ማውጫ የላቸውም። የሚጠቀሙት አየር እናንተ የምትተነፍሱትን ነው፤ የሚያወጡት የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድም እዚያው እናንተ ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ ማሞቂያው ሲያስቸግር ካቻቢቴ አንስታችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ከውጭ ያለውን ጋዝና ከውስጥ ያለውን አየር ጠይቁ። በእኔ ልምድ ከማሞቂያው ከራሱ ይልቅ የሚያጠፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ጨርሶ አልቀጣጠል ሲል

መጀመሪያ የምግብ ማብሰያውን ምድጃ ለኩሱ። ምድጃውም እምቢ ካለ ወይም ነበልባሉ ድክም ያለ ከሆነ ማሞቂያውን ተዉት፤ ችግሩ ከእሱ በፊት ነው። ምድጃው በደንብ ከነደደ ደግሞ ሲሊንደር በተቀየረ ጊዜ የጋዙ ጎማ (ቱቦው) ውስጥ የገባው አየር ወጥቷል ማለት ነውና ማሞቂያውን እንደገና ሞክሩት። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ምድጃው ከደከመ ወደ ሲሊንደሩ እንሂድ። አሜሪካ ውስጥ በእጅ የሚጠብቀው ትልቅ የፕላስቲክ ማያያዣ ጋዙ በድንገት ሲፈስ ጎማው የተበጠሰ መስሎት ፍሰቱን የሚያንቅ መከላከያ አለው። በብርድ የቸኮለ ሰው ቫልቩን አንዴ በኃይል ሲከፍተው መከላከያው ይነቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጋዝ ጠብታ ያህል ነው። መፍትሄው ሁሉንም መዝጋት፣ ጥቂት ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያም የሲሊንደሩን ቫልቭ ቀስ፣ እጅግ ቀስ አድርጎ መክፈት ነው። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት አንድ ደህና ሬጉሌተር፣ ማለትም የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን ዕቃ፣ አውጥቼ ጥያለሁ።

«ጋዙ ቀዘቀዘ» የሚለውን ምክንያት በቶሎ አትቀበሉ። ፕሮፔን የሚፈላው በ42 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ስለሆነ የኮሎራዶ ብርድ አያሸንፈውም። ሊያልቅ የቀረበ ወይም በጣም ትንሽ ሲሊንደር ግን በብርድ ጊዜ በቂ ጋዝ ማትነን ያቅተዋል፤ የዚህ መድኃኒቱ ትልቅና የተሞላ ሲሊንደር ነው። አውሮፓ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ የገዛችሁት ቡቴን እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ቡቴን ገና ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነኑን ያቆማል። በረዶ የሚሠራው ሬጉሌተሩ ላይ ነው። ወይ በጋዙ ውስጥ ያለ እርጥበት ከውስጥ ይጋገራል፣ ወይ መተንፈሻ ቀዳዳው ከውጭ በበረዶ ይደፈናል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አልብሱት፤ እሳት በጭራሽ አታስጠጉ። ቀዳዳው ወደ ታች እንዲያይ አድርጋችሁ እሰሩት፣ መሸፈኛም አድርጉለት። ከውስጥ እየተጋገረ የሚመላለስ ከሆነ ጋዝ ሻጩ ሜታኖል እንዲጨምርበት ጠይቁ። ይህም ሁሉ ካልሠራ ባለሙያ ግፊቱን ይለካው፤ ወደ ቤቱ የሚገባው ጋዝ 28 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ከፍ የሚያደርግ ግፊት ሊኖረው ይገባል።

ተቀጣጥሎ፣ እጅ ሲለቁት ሲጠፋ

ይህ ቴርሞካፕል ነው። ቴርሞካፕል ሙቀት ሲያገኝ ጥቂት ሚሊቮልት የሚያመነጭ ዘንግ ሲሆን ያቺ ኤሌክትሪክ የጋዙን መዝጊያ ከፍታ ትይዛለች። ዘንጉ ካልጋለ መዝጊያው ይወድቃል። ንጣፉ ቀስ ብሎ ስለሚግል ማዞሪያውን ተጭኖ መቆየት ከምድጃ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሁለት። ጠብቃችሁም ከጠፋ የዘንጉ ጫፍ ከቦታው ተንሸራትቶ እንደሆነና ዳዶው ላልቶ እንደሆነ እዩ። ካልሆነ ይቀየር፤ ውድ ዕቃ አይደለም።

ጥቂት ነድዶ በራሱ ሲጠፋ

የሊድቪሉ ሌሊት ይኸው ነው፤ ሰው አደገኛ መፍትሄ የሚመርጠውም እዚህ ላይ ነው።

ንጹሕ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። አንዳንድ ማሞቂያዎች ይህ መጠን ወደ 18 በመቶ ሲወርድ ጋዙን የሚዘጋ ጠቋሚ ተገጥሞላቸዋል። ጠቋሚ የሌላቸውም አሉና የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከመመሪያው አረጋግጡ። ጠቋሚ ያለው ማሞቂያ ተዘግቶ በዋለ ክፍል ውስጥ በራሱ ከጠፋ አልተበላሸም፤ ሥራውን ሠርቷል። መስኮቱን ብትዘጉበት ያው ቶሎ ይጠፋል። ጠቋሚ የሌለው ከሆነ ደግሞ ላይጠፋ ይችላል፤ የባሰው ያ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከፍታ ነው። ሊድቪል ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኦክስጅኑ መቶኛ አይቀንስም፣ አየሩ ግን በሲሶ ያህል ይሳሳል። የአንዳንድ ማሞቂያዎች መመሪያ ከ2,100 ሜትር፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከ7,000 ጫማ በላይ ማሞቂያው በራሱ ሊጠፋ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በዚህ ከፍታ ትንፋሹ ላያጥረው ይችላል፤ ማሞቂያው ግን አዲስ አበባ አላደገም።

መፍትሄው አየር ነው። አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ከላይ፤ ከታች መስኮት ገርበብ፣ ከላይ የጣሪያው መውጫ ገርበብ ይበል። ስፋታቸውን መመሪያው በቁጥር ይናገራል፤ ቁጥሩን በአውራ ጣት አትገምቱ። ይህ ተደርጎም ከፍታ ቦታ ላይ ከጠፋ ዝቅ ወዳለ ስፍራ መውረድ ወይም የጭስ ማውጫ ባለው በባለማራገቢያው ማሞቂያ መጠቀም እንጂ ሌላ መላ የለም። ሽቦ አገናኝቶ ጠቋሚውን ማታለል እንደሚቻል የሚመክር ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሰው ከሰል አንድዶ በር ዘግቶ ይተኛ እንደሆነ ጠይቁት።

ደህና የሆነ ካታሊቲክ ማሞቂያ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጥቂት ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ወይም ንጣፉ ሲቆሽሽ ግን ይጨምራል፤ ሽታ ስለሌለውም በአፍንጫ አይታወቅም። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ መጀመሪያ ሁላችሁም ውጡ፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደረሳል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል ይኑራችሁ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የአገልግሎት ዘመንም ተመልከቱ፣ አሮጌ ደወል ዝም ይላልና። የፕሮፔን መርማሪው የሚሰቀለው ከወለሉ አጠገብ ነው፤ ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ስለሚከብድ ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። እኛ በዚያች ሌሊት ማሞቂያው እየነደደ መተኛታችን ራሱ ጥፋት ነበር። ዛሬ ከመኝታ በፊት ይጠፋል፤ ፍል ውሃ የሞላ ጠርሙስ እግር ሥር ይገባል፤ ጠዋት እንደገና ይለኮሳል።

መስኮቱና ግድግዳው ሲያለቅስ

ጣሪያው አፈሰሰ ብላችሁ ማስቲሽ ለመግዛት አትሩጡ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ ይወልዳል። 6,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚባለው ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ በሰዓት 130 ግራም ገደማ ስለሚበላ በስምንት ሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ቤታችሁ ውስጥ ይረጫል። የሁለት ሰው ትንፋሽ፣ የጀበናው እንፋሎትና የተሰጣው እርጥብ ካልሲ ሲጨመርበት መስታወቱ ባያለቅስ ይገርም ነበር። ለዚህም መድኃኒቱ ያው የጣሪያው መውጫ ነው። ድስት ይከደን፣ ልብስ ውጭ ይሰጣ፣ ፍራሹም ከሥር አየር እንዲያገኝ ከፍ ይበል፤ ሻጋታው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የጋዝ ሽታ፣ ወይም ግማሹ ሞቆ ግማሹ ሲቀዘቅዝ

ሲለኮስ ለጥቂት ደቂቃ ትንሽ ሽታ መኖሩ፣ ንጣፉ ላይም ነበልባል ብልጭ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ንጣፉ ሲግል ይጠፋል። ሲሊንደር ሊያልቅ ሲልም የሽታ መስጫው ቅመም ከታች ስለሚጠራቀም ይበረታል። ከሩብ ሰዓት በኋላም ሽታው ካለ ግን ማሞቂያውንም ሲሊንደሩንም ዝጉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ቤቱም ይናፈስ። ከዚያ ውጭ ሆናችሁ ቫልቩን መልሳችሁ በመክፈት መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ከፈላ ይፈሳል ማለት ነው።

የሚፈስ ካልተገኘ ጥፋቱ ንጣፉ ነው። ማሞቂያው ከሞቀ በኋላ እጃችሁን ከፊቱ ራቅ አድርጋችሁ ከዳር እስከ ዳር አሳልፉ፤ አንዱ ጥግ ከቀዘቀዘ እዚያ ያለው ፕላቲነም ሥራ አቁሟል፣ ጋዙም ሳይቃጠል እያለፈ ነው። ገዳዮቹ አቧራ፣ ከጎማው እየተጠራቀመ የሚመጣ ቅባት፣ ሲሊኮን ያለበት የፀጉር ርጭትና ማጣበቂያ ናቸው። የእኛን ቤት ጉድ ልጨምር፤ አንድ ክረምት ሙሉ ማሞቂያው አጠገብ ሽንኩርት እናቁላላ፣ ዕጣን እናጨስ ነበር። በመጋቢት ንጣፉ ግማሽ ጎኑ ሞተ። አይታጠብም፣ አይቦረሽም፣ በአየርም አይነፋም፤ ከአምራቹ አዲስ ማስገጠም ነው። አሁን ምግብ ሲሠራ ማሞቂያው ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝም የአቧራ ልብሱን ይለብሳል።

እየሠራ ቤቱ ካልሞቀ

ንጣፉ እንደ ከሰል ፍም ደምቆ አይቀላም፤ ስላልቀላ አልሠራም ማለት አይደለም። አየሩን ሳይሆን ፊቱ ያለውን ስለሚያሞቅ ጀርባውን ለሶፋ ሰጥቶ ከቆመ ሶፋውን ብቻ ያሞቃል። ወደምትቀመጡበት አዙሩት፣ ከፊቱም አንድ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ። ነጠላ መስታወቶቹን በወፍራም ነገር ሸፍኑ፤ ለአየር የተተዉትን ሁለቱን ግን አትንኩ።

በማግስቱ ወደ ቡዌና ቪስታ ወረድን፤ 2,400 ሜትር ገደማ፣ የአዲስ አበባ ከፍታ። ሁለቱም ቀዳዳዎች ገርበብ እንዳሉ ማሞቂያውን በአንድ ሙከራ ለኮስኩት፤ እስከ መኝታ ሰዓት አልጠፋም። ባለቤቴ መስኮቱን አየችው፤ ጋቢዋንም ደርባ ዝም አለች።