ለሰሜን ሸዋ ሥራ የሚሆን የሞተር መጋዝ እንዴት ይመረጣል? ምርቶችን በጥንካሬ፣ በወጪና በመለዋወጫ ማወዳደሪያ መንገድ

በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በአንኮበርና በመንዝ ባሕር ዛፍ የብዙ ገበሬ ጥሪት ነው። ስለዚህ የሞተር መጋዝ (ቼይንሶ) ገዝተው ግንድ በመቁረጥና ጣውላ በመሰንጠቅ መተዳደር የሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። መጋዝ ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «የማስነሻው ሞላና የካርቡሬተሩ ዲያፍራም (ቤንዚን የሚስበው ስስ ሽፋን) አላችሁ?» የሚለው ነው ብሎ ያምናል። በሥራ ወቅት ቆሞ የሚውል መጋዝ፣ በርካሽ ቢገዛም እንኳ፣ ለባለቤቱ ውድ ነው።

1. ሥራዎን ይለዩ

ለአጣናና ለማገር የሚሆን ቀጭን ባሕር ዛፍ ለሚቆርጥ ሰው ከ45 እስከ 55 ሲሲ የሆነ ሞተር ይበቃዋል። ወፍራም ግንድ ለሚጥልና ጣውላ ለሚሰነጥቅ ግን 70 ሲሲ አካባቢ ያስፈልጋል፤ ግንድን በቁመቱ መሰንጠቅ አግድም ከመቁረጥ ይልቅ ሞተሩን እጅግ ያደክማልና። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባን የመሰሉ አገር በቀል ዛፎችን በተመለከተ፣ መጋዝ ከመነሳቱ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ግድ ነው። ወፍ ዋሻን የመሰለ ጥብቅ ደን ደግሞ ፈጽሞ አይነካም።

2. የሞተሩን አሠራር ያወዳድሩ

በሙያ መጋዝ ዓለም ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው የጀርመኑ ስቲልና የስዊድኑ ሁስቫርና ናቸው። ስቲል በ1926 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ ሁስቫርና ደግሞ የመጀመሪያውን የሞተር መጋዙን ያወጣው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም ለሙያተኛ የሚሠሯቸው መጋዞች የሞተር አካላቸው ከማግኒዥየም የተሠራ በመሆኑ ፈርሰው ለመጠገን ይመቻሉ። ለቤት አገልግሎት የሚሠሯቸው ርካሽ ሞዴሎች ግን ብዙ ጊዜ አካላቸው ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ጥንካሬውም አንድ ነው ማለት አይቻልም።

የስቲል ኤምኤስ 381 ባለ 72.2 ሲሲ ሲሆን የሁስቫርና 372 ኤክስፒ ደግሞ ባለ 70.7 ሲሲ ነው። በጉልበት አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚያስችል ብዙ ነገር የለም። ሁስቫርና አቧራው ወደ አየር ማጣሪያው ከመድረሱ በፊት በማሽከርከር የሚያስወጣ አሠራር አለው፤ በበጋ አቧራ ለሚሠራ ሰው ይህ ጥቅም አለው። የጃፓኑ ኤኮ በመካከለኛ መጠን ጥሩ ሞተር ይሠራል። ማኪታ ግን የቤንዚን ሞተር ምርቶቹን ማምረት በ2022 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ስለዚህ የማኪታ ቤንዚን መጋዝ በጥሩ ሁኔታ ላይ ቢገኝም፣ የሚገዛው ሰው መለዋወጫው ወደፊት ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

በየገበያው «070» እየተባለ የሚሸጠው 106 ሲሲ መጋዝ በጉልበቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን የቀድሞው ሥሪቱ የሰንሰለት ፍሬን የለውም። መጋዙ ወደ ኋላ ተወርውሮ ሲመለስ ሰንሰለቱን የሚያቆመው ይህ ፍሬን ነውና፣ ፍሬን የሌለውን መጋዝ ማንም እንዲገዛ አንመክርም።

3. መለዋወጫውን በሱቅ ይፈትኑ

ከማወዳደሩ ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። ለሚያስቡት ሞዴል የማስነሻ ገመድና ሞላ፣ የካርቡሬተር ዲያፍራም፣ የፍሪሲዮን ከበሮ፣ እንዲሁም ፒስተን ከነቀለበቱ መኖራቸውን በመጀመሪያ በደብረ ብርሃን፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ መርካቶ ይጠይቁ። በደብረ ብርሃን የተገኘው ዕቃ በዕለቱ ሥራ ያስቀጥላል፤ በመርካቶ ብቻ የሚገኘው 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ ያንኑ ያህል መመለስን ይጠይቃል፤ በሁለቱም የሌለው ደግሞ መጋዙን ለሳምንታት ያስቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ዋናው (ኦሪጅናሉ) እና ቅጂው ስንት እንደሚሸጡ ለየብቻ ይመዝግቡ።

አንዳንድ መለዋወጫ ከመጋዙ ስም ጋር እንደማይያዝ ማወቅ ይጠቅማል። ኤንጂኬ ቢፒኤምአር7ኤ የተባለው ካንዴላ ለኤምኤስ 381ም ለ372 ኤክስፒም ይሆናል። ዋልብሮና ዛማ የተባሉት የካርቡሬተር አምራቾች ለተለያዩ የመጋዝ ድርጅቶች ስለሚሠሩ፣ ዲያፍራም የሚፈለገው ካርቡሬተሩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው።

በሰንሰለት በኩል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለ 20 ኢንች ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ሲገጠምላቸው ሁለቱም መጋዞች ብዙውን ጊዜ 72 የመንጃ ጥርስ (በባሩ ቦይ ውስጥ የሚሄደው የሰንሰለቱ ጥርስ) ያለው፣ ሦስት ስምንተኛ ኢንች የሚባለውን ሰንሰለት ይይዛሉ፤ ጎን ለጎን ተሰቅለው ሲታዩም አንድ ይመስላሉ። ሆኖም የስቲሉ የመንጃ ጥርስ ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሁስቫርናው በአብዛኛው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ወፍራሙ በቀጭኑ ባር ቦይ ውስጥ አይገባም፤ ቀጭኑ ደግሞ በሰፊው ቦይ ውስጥ እየተወላገደ ቆረጣውን ያጣምማል። በአካባቢዎ ሱቆች የትኛው ውፍረት በብዛት እንደሚገኝ ማየት ምርጫውን ሊወስን ይችላል።

4. የዓመቱን ወጪ ያስሉ

በአንድ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ መጋዝ የመግዣውን ዋጋ ይጻፉ፤ ከሥሩ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያልቁትን ዕቃዎች ይደምሩ። ለምሳሌ 4 ሰንሰለት የሚጨርስ ሰው ሞተሩ ላይ ሆኖ ሰንሰለቱን የሚያሽከረክረውን የማዞሪያ ጥርስ 2 ጊዜ ይቀይራል፤ ጥርሱ በየሁለት ሰንሰለቱ መለወጥ አለበትና። በዚህ ላይ ባር፣ የአየር ማጣሪያ፣ ካንዴላና ሞረድ ይጨመራሉ። በመጨረሻም መለዋወጫ ፍለጋ ሥራ የሚፈታባቸውን ቀናት በቀን ገቢዎ አባዝተው ይደምሩ። በመግዣ ዋጋው ርካሽ የነበረው ቅጂ መጋዝ ደረጃውን የሚለቀው ብዙ ጊዜ እዚህ መጨረሻ መሥመር ላይ ነው።

ዘይትም ከወጪው መቆጠር አለበት። ሁለቱ ድርጅቶች ለራሳቸው ዘይት 50 ለ1 ቅልቅል ይፈቅዳሉ፤ ይህም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ሌላ ዘይት ከሆነ ብዙ መጠን ያስፈልጋል፤ ስቲል 25 ለ1፣ ሁስቫርና ደግሞ 33 ለ1 ይላሉ።

5. ከደጋው አየር ጋር ያስማሙ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተርም ከሚገባው በላይ ቤንዚን ስለሚሰጥ መጋዙ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ እንጨት ውስጥ ሲገባም ይታፈናል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ሳይለያዩ መጋዙን እዚያው አስነስተው ይፈትኑ።

ማጣሪያው ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ፣ «ኤች» የሚል ምልክት ያለበትን ብሎን በካቻቪቴ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቀኝ በማዞር ቤንዚኑን ይቀንሱ። ያለ ጭነት ለአፍታ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በመጠኑ የሚንተባተብ፣ እንጨት ሲነካ ግን ድምፁ የሚጠራ ከሆነ ልኩ ያ ነው። ሳይንተባተብ ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ቤንዚኑ አንሷልና ብሎኑን ትንሽ ወደ ግራ ይመልሱ። ሚኒሞው ላይም፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ፣ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም።

ይህ መጋዝ በጣርማ በር ወርዶ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት የሚሠራ ከሆነ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብሎኑ መልሶ ወደ ግራ መከፈት አለበት። ቤንዚን ሲያንስ አብሮት የሚመጣው ዘይትም ያንሳል፤ ያኔ ፒስተኑ ግሎ ይጫራል። የስቲል ኤም ትሮኒክና የሁስቫርና አውቶ ቱን ይህን ማስተካከያ በራሳቸው ያከናውናሉ። ደጋና ቆላ ለሚመላለስ ሰው ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ ሆኖም ሲበላሹ የድርጅቱን መመርመሪያ መሣሪያ የሚሹ በመሆናቸው፣ ይህን መሣሪያ የያዘ ባለሙያ በቅርብ ከሌለ በብሎን የሚስተካከለው ይሻላል።

6. ያገለገለ መጋዝ ከሆነ

ሞተሩ ጠፍቶ የማስነሻ ገመዱን እጀታ ይዘው መጋዙን ከመሬት ብድግ ያድርጉት። ጥሩ እምቅ ግፊት ያለው መጋዝ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ገመዱ ተዘርግፎ ወዲያው መሬት ከነካ ቀለበቱ ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ቀጥሎ ማርሚታውን አስፈትተው በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ ብርሃን ፒስተኑን ይመልከቱ። ፊቱ ለስላሳና አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባል፤ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩ ጭረቶች ከታዩ በ3ኛው ደረጃ የመዘገቡትን የፒስተንና የሲሊንደር ዋጋ ከተጠየቀው ላይ ቀንሰው ይከራከሩ፤ ሻጩ ማርሚታውን አላስፈታም ካለ ደግሞ ሌላ መጋዝ ይፈልጉ።