ከሐረጎ ወዲህና ወዲያ፦ በእሳት አደጋ ሬዲዮ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው የሐረጎ ተራራ ቆሟል። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ድጋፍ ሲጠራ ግንኙነት ከተቋረጠ በተራራው ማመካኘት ቀላል ነው። መልእክቱን ያጠፋው ግን ብዙ ጊዜ አነጋገራችን ነው።

ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው መናገር

በሪፒተር (የተቀበለውን ድምፅ መልሶ ወደ ሩቅ በሚያስተላልፍ ጣቢያ) በኩል ስንናገር መጀመሪያ ሪፒተሩ መንቃት፣ ቀጥሎም የሰሚዎቹ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ መከፈት አለበት። ይህ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ያልጠበቀ ሰው የንግግሩ መጀመሪያ ተቆርጦ ይቀርበታል። በአማርኛ ደግሞ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ አሉታችን ግሱን ከፊት በ«አል» ከኋላ በ«ም» አቅፎ ነው የሚመጣው። «አልወጡም» ያለ ሰው ቸኩሎ ከጀመረና ቁልፉንም ቀድሞ ከለቀቀ፣ ስምሪት ክፍሉ የሚሰማው «ወጡ» የሚለውን ብቻ ነው። ሰው ውስጥ እያለ ሁሉም ወጥቷል ተብሎ ይመዘገባል።

ስለዚህ ቁልፉን ተጭነው በልብዎ «አንድ» ይበሉ፣ ጥሪውንም በተጠሪው ስም ይጀምሩ። ነፍስን የሚመለከት መልእክት በአሉታ አይነገር፤ «አልወጡም» ከማለት «ውስጥ ሁለት ሰው አለ» ማለት ይሻላል።

ቁጥርን በጅምላ መጥራት

በፓምፕ ጩኸት መሃል ሠላሳና ስልሳን የሚለይ ጆሮ የለም። ሰባትና ሰባም ያው ናቸው። 60 «ስድስት፣ ዜሮ» ተብሎ ይነገር። ሰዓት ላይ ደግሞ ተናጋሪው «ከምሽቱ 2» ሲል ኮምፒውተሩ 20:00 ይመዘግባል፤ መዝገቡ በየትኛው እንደሚያዝ አስቀድሞ ይወሰን። «ቀበሌ 05» ብቻ ማለትም አይበቃም፤ የደሴ ነው የኮምቦልቻ?

«እሺ» ብሎ ማለፍ

እሺ «ሰማሁ» ይሆናል፣ «ተስማማሁ» ይሆናል፣ «ተወኝ»ም ይሆናል። የተቀበሉትን መልሰው ይናገሩ፦

— ቦቴ ሁለት፣ በሸዋ በር በኩል ግቡ፣ ተቀበል።
— በሸዋ በር በኩል እንገባለን፣ ቦቴ ሁለት።

ሁሉም በአንድ ቻናል ላይ መጮኽ

በአናሎግ ሬዲዮ ሁለት ሰው እኩል ከተጫነ ወይ ሁለቱም ይደባለቃሉ፣ ወይ ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል። ብዙ ጊዜ የሚዋጠው ሕንፃ ውስጥ የገባው ነው፤ የያዘው የእጅ ሬዲዮ 5 ዋት አካባቢ ሲሆን የመኪናው ከ25 እስከ 50 ዋት ነው። እሳቱ ቦታ ላይ ያሉት ያለ ሪፒተር በቀጥታ ቻናል ይነጋገሩ። በኮንክሪት የተከበበ የእጅ ሬዲዮ ተራራ ላይ ያለን ሪፒተር ባይደርስበትም በር ላይ የቆመውን ይደርስበታል። ከስምሪት ክፍል ጋር የሚነጋገረው አዛዡ ብቻ ነው፣ በመኪናው ሬዲዮ።

በቻናል ቁጥር ብቻ መስማማት

«ቻናል 3 ላይ ግቡ» ይባላል፤ የአንዱ ከተማ 3 ግን የሌላው 3 ላይሆን ይችላል። በወረቀት መስማማት ያለብን በፍሪኩዌንሲው፣ በቶኑ (ከንግግሩ ጋር በሚላክና የሰሚውን ድምፅ ማጉያ በሚከፍተው ምልክት) እና በባንድ ስፋቱ (12.5 ወይስ 25 ኪሎ ኸርዝ) ነው። የመቀበያው መብራት በርቶ ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቶን አለመግጠም ነው፤ ቶኑን ሳይጠብቅ ድምፅ የሚያሰማውን የሞኒተር ቁልፍ ሲጫኑ ድምፁ ከተሰማ ጥርጣሬው ልክ ነበር። ባዶ የመሰለ ፍሪኩዌንሲ እያነሱ መሙላትም አይገባም፤ ፈቃዱ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ውሃ ሲያልቅ ውሃ መጥራት

10,000 ሊትር የያዘ ቦቴ በደቂቃ 500 ሊትር ከረጨ 20 ደቂቃ ነው ዕድሜው። ከኮምቦልቻ ዳገቱን የሚወጣ ሙሉ ቦቴ በ20 ደቂቃ ደሴ አይደርስም። ስለዚህ ጥሪው እርጭቱ ሲጀመር ይተላለፍ፣ ግማሽ ላይ ይደገም። «ውሃ እያለቀ ነው» መልእክት አይባልም፤ የቀረው ሊትርና በደቂቃ የሚወጣው ይነገር።

ሪፒተሩ ሲጠፋ መውጫ አለማዘጋጀት

መብራት ሲጠፋ ሪፒተሩ በባትሪ ላይ ነው። ሲያስተላልፍ 11 አምፒር የሚስብ ከሆነ፣ የ100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሽ አቅም ለአራት ሰዓት ተኩል ያህል ተከታታይ ንግግር ይበቃል፤ ባትሪው ካረጀ ያንስበታል። ደንቡ አጭር ይሁን፦ ሁለት ጊዜ ጠርቶ መልስ ካጣ ሁሉም ወደ ቀጥታ ቻናል ይዞራል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ደግሞ ሐረጎ ላይ አንድ መኪና አቁሞ መልእክቱን በቃል ማቀባበል ይሞከራል፤ የትኛው ኩርባ ላይ ሁለቱም እንደሚሰሙ በሰላሙ ቀን ተሞክሮ ቦታው ምልክት ይደረግበት።