አሮጌ ፒንቦል ስትጠግኑ ፊውዙን አትወንጅሉት

አጎቴ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ያለው ቤቱ ጓዳ ውስጥ አንድ አሮጌ አሜሪካ ሠራሽ ፒንቦል (ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት የጨዋታ ማሽን) አስቀምጧል። ኮምፒውተር ምናምን የለውም። ሆዱ ሲከፈት የሚታየው ሽቦ፣ ሪሌይ የሚሉት በኮረንቲ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ኮይል የሚሉት የሽቦ ጥቅልና አንድ ሞተር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩት ከሞላ ጎደል እንዲህ ናቸው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ፣ እንዳገኛችሁ ሶኬት ላይ አትሰኩት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ለ220 ካልተሠራ ቮልት የሚቀንስ ሌላ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (ኮረንቲው በሴኮንድ የሚመላለስበትን ብዛት) አይቀይርም። የአሜሪካው 60፣ የእኛው 50 ስለሆነ ሞተሩ ትንሽ ቀስ ይላል። ይሄን ብልሽት ነው ብዬ ሦስት ቀን ፈልጌያለሁ።

ትልቁ ጥፋት ግን ፊውዝ ላይ ነው። የእኛ ፊውዝ ሁለቴ ተቃጠለ። በሦስተኛው አጎቴ «አንተ ልጅ፣ ሽቦ ጠምዝዝበትና እንገላገል» አለኝ፤ እኔም የመዳብ ክር ጠመዘዝኩበት። በራ! ደስ ብሎን ተጫወትን። አስር ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተን፣ ከግራው ፍሊፐር (ኳሷን ከሚመታው ክንድ) ሥር ጭስ ወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የፍሊፐር ኮይል ውስጥ ሁለት ጥቅል አለ፣ ኳሷን የሚመታው ወፍራምና ፍሊፐሩን ወደ ላይ ይዞ የሚያቆየው ቀጭን። ፍሊፐሩ ጫፍ ሲደርስ አንዲት ትንሽ ኮንታክት (ስትነካካ ኮረንቲ የምታሳልፍ የብረት ምላስ) ትከፈትና ቀጭኑም መንገዱ ውስጥ ገብቶ ኮረንቲውን ይቀንሰዋል። የእኛዋ ጎብጣ አልከፈት ብላ ነበር። ስለዚህ ቁልፉን ተጭነን በያዝን ቁጥር ወፍራሙ ብቻውን ይጋላል። ፊውዙ ሁለቴ ነግሮን ነበር፣ እኛ አፉን ዘጋነው። የተጻፈበትን አምፔር ብቻ መልሱ፣ ደግሞ ከተቃጠለ ኮይሎቹን አንድ በአንድ በቴስተር ለኩ።

ኮንታክት በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍግ ሰው አይቼ አንጀቴ ነው ያረረው። ጫፏን ያሻክራታል፣ ብናኙም እዚያው ይቀራል። የአዳማ አቧራ አነሰ? ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ወፍራም ወረቀት በመሃል አስገቡ፣ ኮንታክቷን በጣት ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉና ወረቀቱን ጎትቱ። የሠርግ ጥሪ ካርድ አሪፍ ነው፣ መቼም ከየቤቱ አይጠፋም። በጣም የጠቆረውን ብቻ በስስ ሞረድ አንዴ ሁለቴ።

ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ደግሞ ጭራሽ አታስጠጉ። ኮንታክቶቹ ሲሠሩ ብልጭ ይላሉ፣ ስፕሬዩ ይቀጣጠላል። ባይቀጣጠልም አቧራ ይለጥፋል።

ማጥፊያውን ማጥፋትም አይበቃም፣ ከግድግዳው ንቀሉ። አጥፍቼዋለሁ ብዬ እጄን የሰደድኩ ቀን ኮረንቲ ክርኔ ድረስ ነዝሮኛል።

የመጨረሻው ችኮላ ነው። አንድ ነጥብ አልቆጥር ሲል አስር ኮንታክት ባንዴ ማጉበጥ። አንዱን ነካ አድርጉ፣ ሞክሩ፣ ካልሆነ ወደነበረበት መልሱ። ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። እኔ ስላላነሳሁ ደወሉ እስካሁን አንድ ነጥብ ሲገባ ሁለቴ ይደውላል፤ አጎቴ ግን ወዶታል፣ አትንካብኝ ብሏል።