ብዙ ዓመት መጫወት የሚፈልግ የክለብ ባንድ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤንአርቢኪው የሚባል የአሜሪካ ባንድ አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም። የሚያውቁት ሙዚቀኞች ግን ስሙ ሲነሳ ፊታቸው ይፈካል። የተመሠረተው በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሉዊቪል፣ ኬንታኪ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1969 የመጀመሪያ ሸክላውን ትልቁ የኮሎምቢያ ኩባንያ አወጣለት። እንደ ሌሎቹ ዝነኛ ግን አልሆነም። በየከተማው መጠጥ ቤትና ትንንሽ አዳራሽ እየዞረ ሪትም ኤንድ ብሉዝ፣ ሮክ፣ ጃዝ፣ ያሰኘውን ሁሉ እየቀላቀለ ተጫወተ። ከ1974 እስከ 1994 ድረስ እነዚያው አራት ሰዎች አብረው ቆዩ። ቴሪ አዳምስ ኪቦርድ፣ አል አንደርሰን ጊታር፣ ጆይ ስፓምፒናቶ ቤዝ፣ ቶም አርዶሊኖ ድራም። አራት ሰው፣ ያው መንገድ፣ ሃያ ዓመት።

እኔ በአዲስ አበባ ክለቦች አስራ አንድ ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫውቻለሁ። ሦስት ባንዶች ሲፈርሱ ውስጣቸው ነበርኩ። ሦስቱም ጥሩ ይጫወቱ ነበር። የፈረሱት ማታ ማታ በምንሠራቸው ትንንሽ ስህተቶች ነው። አሁን የሚጀምሩ ልጆች ሲጫወቱ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ያንኑ ስህተት ሲደግሙት ሳይ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ሰው ሲያንስ አጨዋወትን ማሳነስ

ክረምት ነው፣ ማክሰኞ ነው፣ ዝናቡ ያወርደዋል። ክለቡ ውስጥ ስድስት ሰው አለ። አንድ ቀን እንዲህ ባለ ምሽት ዘፈኖቹን እያሳጠርን፣ እርስ በርስ እያወራን፣ ሰዓት እያየን ተጫወትን። ስንጨርስ አስተናጋጇ ብርጭቆ እየሰበሰበች «ለማን ልታስቀምጡት ነው?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

ቀስ በቀስ የገባኝ ነገር አለ። ባንድ በማክሰኞ የለመደውን ቅዳሜ ያወጣዋል። እጅ የሚለምደው በየቀኑ የሚሠራውን ነው። ስድስት ሰው ፊት ሰነፍ የሆነ ድራመር ሦስት መቶ ሰው ፊት ድንገት አይነቃም። በዚያ ላይ ባዶ ምሽት አዲስ ነገር የሚሞከርበት ነው። ያልለመዳችሁትን ዘፈን፣ ያልደፈራችሁትን መግቢያ የዚያን ቀን ሞክሩት። ከልምምድ ክፍል ይሻላል፤ ቢያንስ ስድስት የሚሰማ ሰው አለ።

ዝርዝሩን በቃል እንደተያዘ ትምህርት መድገም

አንድ ዝርዝር ይዘጋጃል። ይሠራል። ሰው ይጨፍራል። ከዚያ ለሁለት ዓመት ያው ዝርዝር በያው ቅደም ተከተል ይቀጥላል። በስድስተኛው ወር ላይ ባንዱ ራሱን መስማት ያቆማል። በስምንተኛው ወር አስተናጋጆቹ ቀጣዩን ዘፈን ከእናንተ ቀድመው ያዜሙታል።

ኤንአርቢኪውዎች መድረክ ላይ ዝርዝር ይዞ መውጣት አልወደዱም። ቴሪ አዳምስ የክፍሉን ስሜት አይቶ ቀጣዩን እዚያው ይወስናል፤ ሌሎቹ ይከተላሉ። ከዚህም ሌላ አንድ ሳጥን ነበራቸው። ታዳሚው የፈለገውን ዘፈን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይከታል። ከመሃል አንድ ያወጡና የሚያውቁትም ይሁን የማያውቁት ይጫወቱታል። አንዳንዴ ይበላሻል። ግን መበላሸቱን ሰው ወደደው፤ ባንዱ ፊት ለፊቱ ሲያስብ ያየዋላ።

እናንተ የግድ ሳጥን አታምጡ። በየሳምንቱ ሁለት ዘፈን ግን ቀይሩ። የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ቦታ አለዋውጡ። አንድ ትዝታ ላይ የሆነ ዘፈን በሌላ ቅኝት፣ በሌላ ፍጥነት ሞክሩ።

ለምቱ ጆሮ አለመስጠት

ጊታሪስቶቻችን የታዋቂ ሰው ሶሎ ኖታ በኖታ ይይዛሉ። በጣም ጥሩ። ቤዙና ድራሙ ግን አይተዋወቁም። ሪትም ኤንድ ብሉዝን የሚያቆመው ይህ ነው፤ የቤዝ ድራሙ ምትና የቤዝ ጊታሩ ድምፅ አብረው መውደቅ፣ ስኔሩ (ስል ድምፅ ያለው ትንሹ ድራም) ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ረግጦ መቀመጥ። ይህ ከሌለ ሶሎው በአየር ላይ ነው።

ደስ የሚለኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሸፍል የሚባለው የብሉዝ አጨዋወት እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍላል። የእኛም ችክችካ እንዲሁ በሦስት ላይ ነው የሚጋልበው። ስበቱና የሚረግጥበት ቦታ ይለያያል፤ ግን ችክችካን ከልጅነቱ የሰማ ሰው ሸፍል ውስጥ ቶሎ ይገባል። የድሮዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የጄምስ ብራውንን ዘመን ሙዚቃ ሰምተው ወደ ራሳቸው ሲያመጡት እንግዳ ያልሆነባቸው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ በሳምንት አንድ ሰዓት ቤዝና ድራም ብቻ ተለማመዱ። ዘፋኙም ጊታሪስቱም ቤታቸው ይቀመጡ።

ክፍሉን በድምፅ ማፍረስ

ስልሳ ሰው በሚይዝ ክፍል ውስጥ የድምፁን ልክ የሚወስነው ማይክ የሌለው ድራም ነው። ድራመሩ ሲጠነክር ጊታሩ አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ይጨምራል፣ ቤዙ ይከተላል፣ ዘፋኟ ድምፅሽ አይሰማም ትባላለች፣ ሳውንድ ማኑ ማይኩን ይከፍታል፣ ማይኩ መጮኽ ይጀምራል። ከዚያ አስተናጋጅ የደንበኛ ትእዛዝ አይሰማም። ያልተሰማ ትእዛዝ ያልተሸጠ ነው። ባለቤቱ ሙዚቃችሁን ቢወድም ሂሳቡን ያያል።

ከታች ጀምሩ። ድራመሩ ቀጭን በትር ወይም ብሩሽ ይያዝ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ በታች ይስተካከል። በሳውንድ ቼክ ጊዜ አንዳችሁ ወርዳችሁ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ ባዶ ክፍልና ሰው የሞላው ክፍል አንድ እንዳልሆነም አትርሱ።

ስለ ሽልማት ሳይነጋገሩ መድረክ መውጣት

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ካየኋቸው ሦስት ባንዶች ሁለቱን ያፈረሰው ይሄ ነው።

እኛ ዘንድ እንግዳ ሲደሰት ይነሳና ይሸልማል። ብሩን ዘፋኙ ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ ወይ ኪሱ ይከትለታል። የሚያምር ልማድ ነው። ግን ድራመሩ ከኋላ ነው። ማንም እዚያ ድረስ አይሄድም። አንድ ቅዳሜ ከውጭ የመጣ እንግዳ ዘፋኛችንን እየደጋገመ ሸለመው። ድራመራችን ከሲምባሉ ጀርባ ሆኖ ይቆጥር ነበር። ምንም አላለም። በሚቀጥለው ሳምንትም ምንም አላለም። በአራተኛው ቅዳሜ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆነ፣ ሰው ሞልቷል፣ እሱ የለም። ስልኩ ዝግ ነው። ያን ባንድ እንደገና ማቆም አልቻልንም።

ዘፋኙ ክፉ ሰው አልነበረም። የተሰጠው ለእሱ መስሎት ነው። ድራመሩም ስስታም አልነበረም። ማንም ቀድሞ አልተነጋገረም፣ በቃ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ቀን፣ ገና ብር ሳይኖር፣ ተነጋገሩ። ሽልማት የማን ነው? ዘፋኙ ግማሹን ወስዶ ሌላው ለቀሪው እኩል ይከፈል? ወይስ ሁሉም አንድ ላይ ይደመር? ሁለቱም ይሠራል። የማይሠራው ዝምታ ነው። ብሩ የሚቆጠረው በዚያው ሌሊት፣ ሁሉም ባለበት ይሁን፤ የሚቆጥረውም ዘፋኝ ያልሆነ ሰው ይሁን። ስምምነቱን በወረቀት አድርጉት፣ ወንድማማች ብትሆኑም።

የክለቡንም ክፍያ በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ። አምስት ከሆናችሁ ለስድስት ክፈሉት። ስድስተኛው ድርሻ የባንዱ ነው። የጊታር ክር፣ የተበላሸ ኬብል፣ የሌሊት ታክሲ፣ የታመመ አባል ከዚያ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይመስላል። ከስድስት ወር በኋላ ኪቦርዱ ሲበላሽ ማን ይክፈል የሚል ጠብ አይኖርም።

በቤቱ ዕቃ ላይ መኖር

ክለቡ ድራም አለው፣ አምፕ አለው፣ ኪቦርድ አለው። እናንተ በባዶ እጅ ትመጣላችሁ። ይመቻል። ግን ባለቤቱ ሲቀየር ወይም ስትጣሉ ዕቃው እዚያው ይቀራል፤ እናንተ ደግሞ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። በዚህ ተይዤ ዘጠኝ ወር ሥራ ፈትቻለሁ።

የ1970ዎቹን ዋልያስ ባንድ አስቡ። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ባንዶች የቲያትር ቤት፣ የክለብ ወይም የመንግሥት ነበሩ። ዋልያሶች ራሳቸውን ችለው ቆሙ። አዲስ አበባ ሂልተን ለአስር ዓመት ገደማ ተጫወቱ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር እንግዳው አንዴ ከገባ እስኪነጋ አይወጣም፤ እነሱም አብረው ያነጉ ነበር። በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን በመሣሪያ የተቀነባበረ ሸክላ አወጡ። በ1981 አሜሪካ ሄደው እዚያ ለነበረው ሐበሻ ተጫወቱ። የማንም ንብረት ያልሆነ ባንድ እንዲህ እንደ አንድ አካል ይንቀሳቀሳል። በአንድ ጊዜ ሁሉን መግዛት አይቻልም። ከስድስተኛዋ ድርሻ በየዓመቱ አንድ ዕቃ ግዙ፤ ከአምፕ ጀምሩ።

አባል ሲለቅ በእጅ ብቻ መተካት

ጎበዝ ተጫዋች ሞልቷል። እናንተን የሚወድ፣ ዘፈኖቻችሁን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ቶም አርዶሊኖ የኤንአርቢኪው አድናቂ ነበር፤ ከቴሪ አዳምስ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። አንድ ምሽት የቀድሞው ድራመር ለመዝጊያው ሳይመለስ ሲቀር ከታዳሚው መካከል ጠርተው አስቀመጡት። በ1974 አባል ሆነ፤ ባንዱ ሥራ እስካቆመበት እስከ 2004 ድረስም አብሯቸው ነበር። አል አንደርሰን በ1994 ሲለቅም የተካው የቤዚስቱ ወንድም ጆኒ ስፓምፒናቶ ነው። ሁለቱም ጊዜ ሰው የፈለጉት ከቅርባቸው ነው።

አዲስ ሰው ስትፈልጉ መጀመሪያ ፊት ለፊት ከሚቆሙት ልጆች መካከል ተመልከቱ። ከንፈሩ ግጥሙን የሚከተል አንድ አይጠፋም።

ስሙ የማን እንደሆነ አለመወሰን

ይሄ አጭር ነው። ኤንአርቢኪው በ2004 ቴሪ አዳምስ ጉሮሮው ላይ ካንሰር ሲገኝበት ሥራ አቆመ። እሱ ዳነ። በ2011 ከአዲስ ልጆች ጋር በዚያው ስም መጫወት ሲጀምር የድሮ አድናቂዎች መካከል ቅሬታ ተነሳ። ማን ልክ ነው የሚለውን አልፈርድም። እናንተ ግን ገና ስትጀምሩ አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩት፤ ባንዱ ቢበተን ስሙን ማን ይዞ ይሄዳል?

በመጠጥ መከፈል

«ብር የለም፣ ግን ጠጡ» የሚል ባለቤት አለ። አትቀበሉ። ብር ባይሆን እራት ይሁን። በነፃ ቢራ የጀመረ ምሽት ሦስተኛው ዙር ላይ ይዘገያል። ምቱ ሲንሸራተት እናንተ አታውቁትም፤ ሰው ያውቀዋል። የማከብራቸው ሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች ከእጄ እንዲህ ነው የሄዱት፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ለስላሳ ልሆን አልችልም።

መድረክ ሲጠፋ መሣሪያውን ማስቀመጥ

ከ1981ዱ ጉዞ በኋላ ከዋልያስ አባላት አራቱ አሜሪካ ቀሩ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ አንዱ ነበር። ለጥቂት ጊዜ በሌላ ባንድ ተጫወተ። በ1985 ባንድ ሳይኖረው አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና ድራም ማሽን ይዞ ለብቻው አንድ ካሴት ቀዳ። ከዓመታት በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ኪቦርዱ ግን ከመኪናው አይለይም ነበር። አየር ማረፊያ ላይ ተራውን ሲጠብቅ ከኋላ ያወጣና ይለማመዳል። ተራው ሲደርስ መልሶ ያስገባል፣ ተሳፋሪውን ይዞ ይሄዳል።

ያ የ1985 ካሴት በ2013 በአሜሪካ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተጠራ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ2018 አዲስ አልበም ሲያወጣ ዕድሜው ከሰባ አልፏል። ጣቶቹ ግን ሥራ ፈትተው አያውቁም ነበር።